ልጅ ልጅ የሚሸት ምስል፦ የልጅን ጠባይ በዘይት ቀለም ለመሣል

የልጃቸውን ምስል ማሣል የሚፈልጉ ወላጆች ይዘውት የሚመጡት ፎቶ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልደት ወይም በዓል ነው። ልጁ ሙሉ ልብስ ለብሷል። አንድ ሰው ከስልኩ ጀርባ ሆኖ "ሳቅ በል!" ብሎታል። ከንፈሩ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ዓይኑ ግን ኬኩ ላይ ነው። ከዚህ ፎቶ ተነስቶ መልኩን ቁርጥ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። እናትየው ግን ሥዕሉን አይታ "አዎ እሱ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል" ትላለች። ልክ ነች። የጎደለው ጠባዩ ነው።

የልጅ ጠባይ የሚገኘው ደጋግሞ በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው። እንዴት ይቆማል? ሲያስብ እጁን የት ያደርጋል? ዝም ሲል አፉ ምን ይመስላል? ሠዓሊው መጀመሪያ ይህን ያገኛል። ከዚያ ብርሃኑን፣ አቀማመጡን፣ ቀለሙን ሁሉ ላገኘው ነገር ያስገዛል። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ መውጫ የምታልቅበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር። ምሳሌዎቼም ከዚሁ ናቸው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ሆናችሁ ብትሠሩም ብርሃኑና ኑሮው ስለሚቀራረብ ብዙው ይጠቅማችኋል። ንድፍ እንደምትለማመዱና የዘይት ቀለም ቢያንስ እንደነካካችሁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

1. ፈቃድ፣ ከዚያ ማየት

ፈቃድ ከወላጅ ይጠየቃል፣ ከልጁም ይጠየቃል። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ የት እንደሚቀመጥ፣ ያለቀው ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ይወጣ እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጁ "አልፈልግም" ካለ ይቅር። ተገዶ የተቀመጠ ልጅ የሚሰጣችሁ ኩርፊያውን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሰፈር የሰው ልጅ ላይ አፍጥጦ መቆየት አይወደድም። አያት በር ላይ ተቀምጠው እያዩአችሁ ከሆነ "እግዜር ያሳድገው" ማለትን አትርሱ። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ "ማሻአላህ" በሉ። ይህ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ልቡ ሲያርፍ ልጁም ይፈታል።

አሁን ትንሽ ደብተር ያዙና እዩ። ሸራውም ቀለሙም ገና ነው። ልጁን ቢያንስ በሦስት ሁኔታ ተመልከቱት፦ ሲጫወት፣ አዋቂ ሲያናግረው፣ ብቻውን ሲሆን። ብሎኮቹ መሃል ብይ የሚጫወቱ ሁለት ወንድማማቾች አስቡ። አንደኛው ሲወረውር ሙሉ ሰውነቱ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ አገጩ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ናቸው። ሌላው ቆሞ መዳፉ ውስጥ ያሉትን ብዮች ይቆጥራል፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ጎንበስ ይላል። መልካቸው አንድ ነው ሊባል ይችላል። ሥዕላቸው ግን አንድ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ወደ ፊት የሚመጣ ግንባር ይፈልጋል። ሁለተኛው ደረቱ ላይ የተጨበጠ እጅ ይፈልጋል።

ምን ልይ ለሚል ሰው፦ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል እዩ። ጭንቅላቱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያዘነብላል? አዋቂን የሚያየው ከቅንድቡ ሥር ነው ወይስ ፊት ለፊት? ሲያስብ ጆሮውን ይነካል፣ ጥፍሩን ይበላል፣ ኮሌታውን ያኝካል? አፉ ሲያርፍ ይዘጋል ወይስ ትንሽ ከፈት ይላል? ጎኑ ላይ ፈጣን ንድፍ አድርጉ። ንድፉ ባያምርም ግድ የለም፤ የምትፈልጉት አቋሙን ነው።

ቤተሰቡንም ጠይቁ፣ ነገር ግን "ምን ዓይነት ልጅ ነው?" አትበሉ። የሚመጣው መልስ "ጨዋ ነው፣ ጎበዝ ነው" ይሆናል፤ በዚህ ምንም ሊሣል አይችልም። "ሲኮርፍ ምን ያደርጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ደስ ሲለው መጀመሪያ ለማን ይነግራል?" በሉ። ታላቅ እህት ካለች ለእሷ አቅርቡት። ታላቅ እህት እናት የማታውቀውን ታውቃለች።

በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በዓይን የሚታይ ነገር ይሁን። እስከ መጨረሻው የምንጠቀምባትን ልጅ እነሆ፦ የ7 ዓመት ልጅ ናት። "ሰው ሲያወራ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ ትሰማለች፣ የሹራቧን እጅጌ ጣቶቿ ላይ ትስባለች፣ ጥያቄዋ የሚመጣው ሁሉም ዝም ሲል ነው።" ይህን ወረቀት ከምትሠሩበት ሸራ አጠገብ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ ግራ ሲገባችሁ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።

2. ብርሃን

አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ "ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ" ይላሉ። እዚያ ፀሐይ አብዛኛውን ቀን በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የሰሜን መስኮት ብርሃኑ ብዙም አይለዋወጥም። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። የሰሜን መስኮት በሚያዝያና በግንቦት በቀጥታ ፀሐይ ሊመታ ይችላል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን ምክሩ ለእኛም ይሠራል። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ስለሚያለዝበው የመስኮቱ አቅጣጫ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ችግሩ ብርሃኑ ማነሱ ነው።

ቤታችሁ የሰሜን መስኮት ከሌለው አትጨነቁ። ነጭ ነጠላ መስኮቱ ላይ ዘርጉ። ስስ ነው፣ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ቀለሙንም አይቀይረውም። ባለቀለም መጋረጃ ግን የልጁን ፊት ቀለም ስለሚያዛባ አንሱት። ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ሥሩ። ከሰዓት በኋላ በኛ ሰፈር ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ አቧራ ደግሞ እርጥብ የዘይት ቀለም ላይ ይቀመጣል።

አካባቢው ምን እንደሚያንጸባርቅ ልብ በሉ። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ አገጯ ሥር አረንጓዴ ይገባል። ደጅ ላይ ቀዩ አፈር ከታች ወደ ላይ ሞቅ ያለ ብርሃን ይልካል፤ ይህ ያምራል። የቆርቆሮ አጥር ግን ቀዝቃዛና ኃይለኛ ብርሃን ስለሚረጭ ልጁ ዓይኑን ያጨነቁራል። የተጨነቆረ ዓይን ጠባይ አይናገርም።

ብርሃኑ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው ዓረፍተ ነገራችሁ የሚጠቅመው። ፊት ለፊት የሚያይ፣ የሚያወራ፣ ምንም የማይደብቅ ልጅ ከፊት የሚመጣ ሰፊ ብርሃን ይስማማዋል። የኛ ሰሚ ልጅ ግን ከጎንና ከፍ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ትፈልጋለች። ወደ ግራዋ ስለምታዘነብል ብርሃኑን ከቀኟ አምጡት። የተሳበው የአንገቷ ጎን ይበራል፣ ማዘንበሏም ከሩቅ ይታያል። ጥላውን ግን አታክብዱት። ግማሽ ፊት ጥቁር አድርጎ መተው ለሽማግሌ ያምራል። የልጅን ፊት ግን ለስላሳ ሽግግሩን ይነጥቀዋል።

3. አቀማመጥ፣ ልብስ፣ እጅ

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት በ1878 እ.ኤ.አ. የሣለችው የአንዲት ትንሽ ልጅ ምስል አለ። ልጅቷ ትልቅ ሰማያዊ ወንበር ላይ ተዘርራለች። እግሯ ተበትኗል፣ አንድ እጇ ከጭንቅላቷ ጀርባ ነው፣ ሰልችቷታል። ማንም "ቀጥ በዪ" አላላትም። ካገኛችሁት ደህና አድርጋችሁ እዩት። ያንን ምስል ሕያው ያደረገው አቀማመጡ ነው።

ስለዚህ ልጁን አታስተካክሉት። በራሱ መንገድ ይቀመጥ፣ እናንተ ቦታችሁን ቀይሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ከዓይኑ ጋር እኩል አድርጉ። ቆማችሁ ከላይ ከሣላችሁት ግንባሩ ይገንናል፣ አገጩ ይጠፋል፤ ሥዕሉም አዋቂ ከላይ ሆኖ ያየው ልጅ ይሆናል።

ፊቱን በከፊል ዘወር ማድረግ፣ ሁለቱም ዓይኖች እየታዩ አንዱ ጉንጭ ሲሰፋ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሙሉ ጎን መሣል የምትፈልጉ ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይን ሙሉ ሆነው ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ያን እያዩ ያደጉ አያት የልጅ ልጃቸው በአንድ ዓይን ቢወጣ ቅር ሊላቸው ይችላል። ቅሬታቸው መሠረት ስላለው በአክብሮት ስሟቸው።

ልብስ ላይ ክርክር ይነሳል። እናት የሐበሻ ቀሚሱን ታወጣለች። ነጭ ልብስ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ አገጭ ሥር ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን ዓይንን ከፊት ይሰርቃል። ለኛ ልጅ ደግሞ እጅጌው የተለጠጠው ሹራብ ከየትኛውም ቀሚስ ይበልጣል። በቃል አትከራከሩ። ሁለት ትንንሽ ንድፎች ሠርታችሁ ጎን ለጎን አሳዩአት፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ሹራቡን ትመርጣለች።

ዕቃ ካስገባችሁ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም የልጁ የራሱ። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ መኪናውን ይያዝ። መጽሐፍ የማይወድ ልጅ እጅ ላይ ለማማር ብቻ የተቀመጠ መጽሐፍ ግን ያስታውቃል።

ከ4 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቀመጥም። 7 ዓመት ሲሞላው 20 ደቂቃ ይችላል፣ ከዚያ ሮጦ መምጣት አለበት። ቴሌቪዥን አትክፈቱለት። ፊቱ ይደነዝዛል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ያ ፊት የማንም ልጅ ፊት ነው። ከዚያ ይልቅ አያት ወይም ታላቅ እህት ተረት ይንገሩት። ተረት የሚሰማ ልጅ ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ይመላለሳል። እናንተ ደጋግሞ የሚመለሰውን ያዙ።

4. ፎቶ እንደ ረዳት

ከፎቶ ብቻ መሣል አልመክርም። ግን ልጅ ስለማይቀመጥ ፎቶ ያስፈልጋል። ስልኩን ፊቱ ላይ አታስጠጉ፤ በቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫውን ያሳብጣል፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ይወስዳል። 2 ሜትር ያህል ርቃችሁ ዙም አድርጉ። ፊት የሚያሳምረውን ፊልተር አጥፉ፣ ፍላሽም አጥፉ። ስክሪኑ ላይ የልጁን ጉንጭ ነክታችሁ ብርሃኑን በፊቱ ልክ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ስልኩ ነጩን ግድግዳ አይቶ ጠይሙን ፊት ያጨልመዋል። ተከታታይ አንሱ። ከመካከላቸው የምትመርጡት ልጁ የረሳችሁን ቅጽበት ነው። ቀለሙን ከፎቶ አትቅዱ፣ ቀለም በዓይን ካያችሁት ልጅ ይወሰድ።

5. ዕቃው

ሸራው 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፊቱን ከእውነተኛው ትንሽ አሳንሱት። ከተፈጥሮ መጠኑ በላይ የተሣለ የልጅ ፊት ያስፈራል።

የተዘጋጀ ሸራ ውድ ከሆነባችሁ ወፈር ያለ አቡጀዲድ ከመርካቶ ገዝታችሁ እንጨት ላይ ወጥሩት። ለግድግዳ የሚለሰነውን ጄሶ አትቀቡት፤ ሸራው ሲላላና ሲወጠር ይሰነጠቃል። ለሠዓሊ የተሠራውን የአክሪሊክ መነሻ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በመሃል በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ሰባት ቀለም ይበቃል፦ ቲታኒየም ነጭ፣ የሎ ኦከር፣ በርንት ሲዬና፣ በርንት አምበር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን፣ አልትራማሪን ሰማያዊ። ጥቁር አትግዙ። አምበርና አልትራማሪን ሲደባለቁ ከቱቦ ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይወጣል። ከእነዚህ ጋር ጥቂት ጠፍጣፋና ክብ ብሩሽ፣ ተርፔንታይንና ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ያስፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄ። ተርፔንታይን ልጅ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ አትክፈቱ። ልጁ ሲቀመጥ በተልባ ዘይት ብቻ ሥሩ፣ ተርፔንታይኑ ልጁ ከሄደ በኋላ መስኮት ተከፍቶ ይምጣ። ሁለተኛ፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ነጭ ሸራ ላይ በቀጥታ አትጀምሩ። በርንት ሲዬና በተርፔንታይን አቅጥናችሁ መላውን ሸራ ቀቡና ይድረቅ። ሠዓሊ ለማ ጉያ የሰዎችን ፊት በፍየል ቆዳ ላይ ሲሣል ኖሯል፤ ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ሥራዎቹን ማየት ትችላላችሁ፣ ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሞቅ ያለ ቡናማ መነሻ ላይ ጠይም ፊት እንዴት በቀላሉ እንደሚቆም እዚያ ይገባችኋል። ነጭ ላይ ሲጀመር ሁሉም ቀለም ጠቆረ እየመሰለን ስለምንፈራ ፊቱን እናገረጣዋለን።

6. ንድፍ

ልጅን ያረጀ የሚያስመስለው አብዛኛው ስህተት እዚህ ይፈጠራል። ቀስ በሉ።

የአዋቂ ዓይን የሚያርፈው በጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው። የልጅ ዓይን ከእኩሌታው በታች ነው፤ ልጁ ባነሰ ቁጥር መስመሩ ይወርዳል። ምክንያቱ የራስ ቅሉ የላይኛው ክፍል ቀድሞ ሲያድግ መንጋጋና አገጭ ዘግይተው ስለሚደርሱ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ስለዚህ መጀመሪያ ከአናት እስከ አገጭ ለኩ፣ እኩሌታውን ምልክት አድርጉ፣ ዓይኑን ከሥሩ አስቀምጡ። ፀጉሩ ከፍ ያለ ከሆነ አትሸወዱ፤ የምትለኩት የራስ ቅሉን ነው።

የዓይኑ ባለቀለም ክብ በ2 ዓመት ገደማ የአዋቂን መጠን ያክላል። ፊቱ ግን ገና ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የልጅ ዓይን ትልቅ የሚመስለው። ማጋነን አያስፈልግም፣ ለክቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የአፍንጫ ድልድዩ ዝቅ ያለ ስለሆነ በዓይኖች መካከል ያለው ቦታ ሰፊ ይመስላል። አፍንጫው አጭር ነው፣ ከታች ቀዳዳዎቹ ትንሽ ይታያሉ። አንገቱ ቀጭን፣ ትከሻው ጠባብ ነው። የአዋቂ ቁመት ሰባት ጭንቅላት ተኩል ገደማ ሲሆን የዚህ ዕድሜ ልጅ ስድስት ጭንቅላት ገደማ ነው፤ ደረቱን ጨምራችሁ ከሣላችሁ ይህን አስቡ።

ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመርና ከዓይን ሥር ያለውን እጥፋት አትሣሉ። ቢታዩም አትሣሉ። በከሰል የተሰመረች አንዲት መስመር ልጁን አዋቂ ታደርገዋለች።

ከፊት ክፍሎች በፊት ግን የአንገቱን ማዘንበል አስምሩ። በግንባር መሃል፣ በአፍንጫና በአገጭ የሚያልፍ አንድ መስመር፣ ሌላ ደግሞ ሁለቱን ትከሻ የሚያያይዝ። የኛ ልጅ ሁሉ ነገሯ በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ከተበላሸ ዓይኗን የፈለገ ያህል አሳምራችሁ ብትሠሩት ሌላ ልጅ ናት። ከሩቅ ሆናችሁ እዩት፣ በመስታወት ገልብጣችሁም እዩት።

7. የመጀመሪያው ሽፋን

በርንት አምበር በተርፔንታይን እንደ ሻይ አቅጥኑ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ልጁን ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ብርሃን፣ መካከለኛና ጥላ ብቻ ይቀራሉ። ጥላውን በአምበር ሙሉ፣ ብርሃኑን በጨርቅ ጥረጉት። ነጭ አያስፈልግም። በዚህ ደረጃ ዓይን ውስጥ አትግቡ። አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ በበጋ አንድ ሁለት ቀን፣ በክረምት ትንሽ ይቆያል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሽፋን ሁሉ ከበፊቱ የበለጠ ዘይት ይኑረው። ቀጭኑ ከታች፣ ዘይታማው ከላይ ካልሆነ ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል።

8. የቆዳ ቀለም

ጠይም ቆዳ የሚበላሸው በነጭ ቀለም ነው። ለማብራት ብለን ነጭ ስንጨምር ፊቱ አመድማ ይሆናል። ልጁ ቅባት ሳይቀባ የወጣ ይመስላል። ለማብራት መጀመሪያ የሎ ኦከር ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ ነጭ። ጥላ ውስጥ ነጭ ፈጽሞ አይግባ።

ከመጀመራችሁ በፊት ፓሌታችሁ ላይ ሦስት ክምር አዘጋጁ። ለብርሃኑ ኦከር፣ በርንት ሲዬና፣ ጥቂት ነጭና የካድሚየም ቀይ ጠብታ። ለመካከለኛው በርንት ሲዬና ዋና ሆኖ ኦከርና ትንሽ አልትራማሪን። ለጥላው በርንት አምበር፣ አሊዛሪንና አልትራማሪን። የልጁ መልክ ቀይ ከሆነ ኦከሩ ይብዛ። ጠቆር ያለ ከሆነ የብርሃኑ ክምር ራሱ ከሲዬና ይጀምር። ክምሮቹን ከመቀባታችሁ በፊት በቢላ ጫፍ አንስታችሁ ከልጁ ጉንጭ ጋር በዓይን አስተያዩ።

ጠይም ፊት ላይ ጥላው ሞቃት፣ ነጸብራቁ ቀዝቃዛ ይሆናል። መስኮቱ የሚያስገባው የሰማይን ብርሃን ስለሆነ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ያለው ነጸብራቅ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ነጭ፣ የአልትራማሪን ጠብታና ትንሽ ሲዬና ይሠሩታል። እዚህ ላይ ቫዝሊን ይመጣል። እናቶቻችን ጠዋት ልጁን ቫዝሊን ቀብተው ነው የሚልኩት፣ ግንባሩ ጉንጩ ሁሉ ያብረቀርቃል። ሁሉንም ከሣላችሁት ፊቱ ላብ ያጠመቀው ይመስላል። ሁለት ሦስት ቦታ ምረጡና ሌላውን ተዉት። ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፉት፤ ያ ወዝ የእናት እጅ ነው።

የፊት ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ግንባር ወደ ቢጫ፣ ጉንጭና አፍንጫ ወደ ቀይ ያደላሉ። የደጋው ብርድና ፀሐይ የልጆችን ጉንጭ ያቀላዋል፣ በጥቅምትና በኅዳር ከንፈር ይደርቃል። እነዚህ የቦታው ምልክቶች ስለሆኑ ይግቡ። ብርሃን ከኋላ ከመጣ ጆሮ ደም መስሎ ይበራል፣ ካድሚየም ቀይና ሲዬና ያወጡታል። ሽግግሩን ለማለስለስ ደግሞ ቀለሙ እርጥብ እያለ ንጹሕ ደረቅ ብሩሽ በስሱ አሳልፉበት። ደጋግማችሁ አታሹት፤ ጉንጩ ፕላስቲክ ይሆናል።

9. ዓይንና አፍ

የዓይን ነጩ ነጭ አይደለም። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው፣ የላይኛው ሽፋሽፍት ጥላ ይጥልበታል። ንጹሕ ነጭ ካደረጋችሁት ልጁ የደነገጠ ይመስላል። የዓይኑን ክብ የላይኛው ክዳን ይሸፍነው። ሽፋሽፍትን በአንድ ጠቆር ያለ ቅርጽ ያዙት እንጂ አንድ በአንድ አትቁጠሩት። ወደ እኛ የቀረበው ዓይን ጥርት ይበል፣ የራቀው ትንሽ ይለስልስ። ብልጭታው በእያንዳንዱ ዓይን አንድ ብቻ ይሁን፣ መስኮቱ ባለበት በኩል።

ከዓይን ይልቅ ብዙ የምደክመው አፍ ላይ ነው። ጠባይ የሚቀመጠው በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ባለችው መስመርና በጥጎቿ ላይ ነው። ጥጉ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ልጁ ይቀልዳል፣ ዝቅ ሲል ያኮርፋል። መስመሯ በሁሉም ቦታ እኩል አትጠቁርም፤ መሃል ላይ ትጠፋለች፣ ጥጉ ላይ ትጠልቃለች። የኛ ልጅ አፏ ከፈት ስለሚል መሃል ላይ ትንሽ ሞቃት ጨለማ ይኑር። የወተት ጥርሷ ወልቆ ከሆነ ክፍተቱን በዚያው ጨለማ ጠቁሙ። ጥርስን አንድ በአንድ መሣል ከልጅ ምስል ላይ ሁሉን ነገር ይወስዳል።

ሳቅ የምትሣሉ ከሆነ የታችኛውን የዓይን ክዳን እዩ። እውነተኛ ሳቅ እሱን ከፍ ያደርገዋል። አፍ ብቻውን ሲስቅ የልደቱ ፎቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ፀጉር፦ ሹሩባ ከሆነ መጀመሪያ ጠቅላላውን ቅርጽ በአምበርና አልትራማሪን ድብልቅ ያዙ፣ ከዚያ ብርሃን የሚነካቸውን ጥቂት ጉንጉኖች ብቻ አውጡ። ግንባር ዳር ያሉት ለስላሳ ትንንሽ ፀጉሮች ከቆዳው ጋር ይቀላቀሉ። እዚያ ላይ ጠንካራ ጠርዝ ካለ ፀጉሩ ኮፍያ ይመስላል።

10. ጠርዝ፣ ጀርባ፣ ማቆም

አሁን ዓረፍተ ነገራችሁን እንደገና አንብቡ። የትኛው ቦታ ጥርት ይበል? ለኛ ልጅ የቀረበው ዓይን፣ የአንገቷ ብርሃን፣ እጅጌው ውስጥ የገቡት ጣቶች። ሦስት ቦታ። የቀረው ሁሉ፣ የትከሻ ጠርዝ፣ የሹራቡ ሹራብነት፣ የራቀው ጆሮ፣ ይለስልስ። ሁሉም ጥርት ካለ ተመልካች ምን እንደሚያይ አያውቅም።

ጀርባው ላይ ብሎኮቹን፣ ባሕር ዛፉን፣ የተንጠለጠለውን ልብስ ሁሉ መክተት ያምራል። ግን አንድ ነገር ብቻ ይግባ፣ እሱም ከልጁ ያነሰ ንፅፅር ይኑረው። ለኛ ልጅ ባዶ ግድግዳ መርጬላታለሁ። ወዳዘነበለችበት በኩል ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ተዉላት፤ የሚያወራው ሰው እዚያ እንዳለ ይሰማናል።

ያለቀ ሲመስላችሁ ለቤተሰቡ "ትመስላለች?" አትበሉ። ለትንሽ ወንድሟ አሳዩትና "ምን እያደረገች ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። "ወሬ እየሰማች" ካለ ብሩሹን አስቀምጡ። "ፎቶ እየተነሳች" ካለ ወደ አንገቱ ማዕዘንና ወደ አፍ ጥግ ተመለሱ። ዓይን ላይ ተጨማሪ ዝርዝር አትጨምሩ፣ ችግሩ እዚያ አይደለም።

ከሸራው ጀርባ የልጅቷን ስም፣ ዕድሜና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ሥዕሉን አቧራ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ አድርቁት። ላዩ በሁለት ሳምንት ቢደርቅም ውስጡ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ ከ6 ወር በፊት አይቀባ፣ ወፈር ያለ ቀለም ካለው ዓመት ጠብቁ። ለቤተሰቡ ስትሰጡ ቀጥታ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከምድጃ ጭስ እንዲያርቁት ንገሯቸው። ሲያጸዱት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ውሃ አይንካው።